ሲስተር ታደለችና ሁለቱ እግሮች

ሲስተር ታደለች ማረፏን የሰማሁት ወደ ተበላ ከተማ ከሚመላለስ አንድ ሹፌር ነው። የጫማውን ሶል ሊያስመታ መጥቶ፣ ገና በርጩማው ላይ ሳይደላደል፣ «ያቺ እግር አጣቢዋ ሲስተር ሞተች አሉ» አለኝ። ስለ ነዳጅ እንደሚያወራ ሰው ነው የተናገረው። መዶሻዬን አስቀመጥኩና «እግር አጣቢ ያልከው ማንን ነው?» ብዬ ጮኽኩበት። ሰውየው ደነገጠ። ምን አጠፋ? እግር ታጥብ ነበር፤ እውነቱን ነው። ግን ያን ዕለት ማንም ቢሆን ስለ እሷ በችኮላ ተናግሮ ከአፌ አይተርፍም ነበር። ጫማውን በሌላ ቀን እንዲያመጣ ነግሬው ቤቱን ዘጋሁ።

እኔ ጫማ ሰሪ ነኝ። አባቴም አያቴም ቆዳ አልፊዎች ነበሩ። «ፋቂ» እየተባልን ከሰው እኩል ገበታ የማንቀርብበትን ዘመን ደርሼበታለሁ፤ እሱን ካነሳሁ ደሜ ስለሚፈላ ልተወው። የራሴን ነገር ያነሳሁት ወድጄ አይደለም። ሲስተር ታደለች ስለ ሰው ቆዳ የምታውቀውን ያጫወተችኝ እኔ ስለ ከብት ቆዳ ስለተኩራራሁባት ነው።

የተገናኘነው ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን በሆነ ማግስት ገደማ ነው። ሶዶ ውስጥ፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ በስተጀርባ፣ እግራቸው በዝሆኔ ላበጠባቸው ሰዎች የተከፈተች ትንሽ ክሊኒክ ነበረች፤ ሁለት ክፍልና አንድ የቆርቆሮ ዳስ። ቀዩ አፈራችን የዘሩበትን ሁሉ ያበቅላል፣ በባዶ እግሩ ዕድሜ ልኩን ለሚረግጠው ሰው ግን ጠላት ነው። ደቃቁ በእግር ቆዳ በኩል ይገባል፤ ከዓመታት በኋላ እግሩ ያብጣል፣ ቆዳው ይወፍራል፣ ይሰነጠቃል፣ ይሸታል። ሰው ታዲያ አፈሩን ትቶ «ዘር ነው» ይላል። አንዴ ዘር ነው ከተባልክ ሴት ልጅህን ለጋብቻ የሚጠይቃት የለም፤ እድር ላይም ከአጠገብህ የሚቀመጥ አይገኝም። ሲስተር ዳሱ ሥር በጎድጓዳ ሳህን እግራቸውን ትዘፈዝፋለች፣ በሳሙና ታጥባለች፣ በጣቶቻቸው መካከል ታደርቃለች፣ ቫዝሊን ትቀባለች። እኔ ደግሞ ሱቅ ውስጥ የማይገኘውን፣ ላበጠ እግር የሚሆነውን ጫማ እሰፋለሁ።

ረጅም ሴት ነበረች። የጋወኗን ጫፍ ወገቧ ላይ ሸጉጣ ስትንበረከክ ጉልበቷ ይንቋቋል። «ሰማሃት? ዛሬም ልታማርር ነው» ትለኛለች ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ጎረቤት እንደምታወራ ሁሉ። አዲስ ሰው ሲመጣ ጓንት ከማጥለቋ በፊት በባዶ እጇ፣ ከቁስሉ ራቅ አድርጋ፣ ባቱን ትይዝለታለች። ለምን እንደሆነ ጠይቄአት ነበር። «ጓንቱን ካስቀደምኩ ፈርታናለች ይላሉ። ከፈራኋቸው ደግሞ የምነግራቸውን አይሰሙኝም» አለችኝ። አንድ ከሁምቦ የመጡ ሽማግሌ እንዲያ ስትይዛቸው እግራቸውን መልሰው ሲነጥቋት አይቻለሁ። አፍረው ነው። እሷ ግን አልለቀቀቻቸውም፤ ስለ በቆሎአቸው ስትጠይቃቸው ቆይታ ረስተውት ተዉላት።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ቁርበት ላይ ሞራ እየቀባሁ ሳለ መጥታ አጠገቤ ቆመች። እኔም ጉራ ቢጤ ቃጣኝ።

«ይኸውልሽ ሲስተር፣ ይህን ዛሬ ቀብቼው ብሄድ ነገ ጠዋት አንዲት ጠብታ ከላይ አታገኚም። ቆዳ ማለት ጠጪ ነው።»

ሳቀች። «ያንተ ቆዳ ሞቷል እኮ ኢሻ። የሞተ የሰጡትን ይጠጣል። ሕያው ቆዳ ግን በር ጠባቂ ነው፤ ማን መጣ ብሎ ሳይጠይቅ አያስገባም።» ኢሻ በእኛ ቋንቋ ወንድም ማለት ነው፤ ካልተናደደች በቀር በስሜ አትጠራኝም ነበር።

በነገሩ ለጊዜው ተናደድኩ። ሠላሳ ዓመት ቆዳ ውስጥ የኖርኩ ሰው! ደግነቱ ቆየሁና ገባኝ፤ እንዴት እንደገባኝም የክሬሙን ነገር ካላነሳሁ አይነገርም።

ከመስቀል በኋላ ነው፣ ከውጭ አገር በጎ አድራጊዎች ብዙ ካርቶን ክሬም ላኩልን። ነጭ ቱቦ ነው፤ ሲከፈት ግቢው በመዓዛ ይታወዳል። ቫይታሚን ኢ አለበት ተባለ። የክሊኒኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ጌታሁን፣ የሶዶ ገበያ የታወቁ የጨርቅ ነጋዴ፣ እጃቸውን ቀብተው እያገላበጡ አዩት። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ እንዲያውም ኪሳቸው ለድሃ ክፍት ነው። የበሽተኛ እግር ግን አንድም ቀን በእጃቸው ነክተው አያውቁም።

«ስንት ዓመት እነዚህን ድሆች በቫዝሊን ስናታልል ኖረናል» አሉ። «እንግዲህ ይኸው መድኃኒቱ። የአሁኑ በነጻ ነው፣ የሚቀጥለውን ከፋሲካ በኋላ በራሳችን ገንዘብ እንገዛለን።»

ሲስተር ጠየቀቻቸው፤ «ሳሙናውና የጫማው ቆዳስ?»

«ሁሉንም አንችልም። ባሉን በሽተኞች እንወሰናለን።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። በሩ ላይ በየሳምንቱ ከሁምቦ፣ ከቤሌ በኩል፣ እግራቸውን እየጎተቱ የሚመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ተራቸውን የሚጠብቁ። ክሬሙ ከተገዛ ለእነሱ የሚተርፍ ሳሙና የለም፣ ጫማ የለም። ሲስተር ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቱቦውን ይዛ ዳሱ ውስጥ ብቻዋን ተቀመጠች፤ በጀርባው የተጻፈውን ደጋግማ አነበበችው።

«እህ፣ ምን ይላል?» አልኳት።

«ይህ ቫይታሚን ታሽጎ ነው የሚመጣው» አለችኝ። «ሳይታሸግ ቢመጣ አየርና ብርሃን መንገድ ላይ ይጨርሱታል። ስለዚህ ሲሠሩት ክዳን ይገጥሙለታል። በክዳኑ ሳለ ግን ምንም አይሠራም። ክዳኑን የሚከፍተው ራሱ ቆዳው ነው፤ እታች ያለው፣ ሕይወት ያለው ቆዳ። እዚያ እንዲህ ያለውን ነገር እየቆረጠ የሚከፍት ኤንዛይም አለ። እሱም ቀስ እያለ ነው፣ ጥቂት ጥቂቱን። የቀረው ከላይ ተለጥፎ ይውልና በውኃ ይሄዳል።»

«ታዲያ የአዬ አማረች እግር?»

አዬ አማረች ከቀድሞ በሽተኞቻችን አንዷ ናቸው። አዬ ማለት እናት ነው፤ ሁላችንም እንዲያ ነበር የምንጠራቸው። የእግራቸው ቆዳ የጣት ውፍረት አለው።

«እሱን ነው የማስበው» አለች። «ከላይ ያ ሁሉ የሞተ ቆዳ ተደራርቧል። የሞተው ያንተን ሞራ እንደሚጠጣው ይጠጣዋል፣ ይለሰልሳልም። ክዳን መክፈት ግን አይችልም። ማለስለሱን ደግሞ ቫዝሊንም ያለሰልሳል።»

«እንግዲያው ለአቶ ጌታሁን ንገሪያቸዋ፤ አለቀ።»

ቱቦውን አስቀመጠችው። «ይህን የነገረኝ መጽሐፍ ነው ኢሻ። መጽሐፉ የአዬ አማረችን እግር አላየውም።»

እንዲህ ነበረች። የምታውቀውንም ነገር ሳታይ አትምልም። በማግስቱ ክንዷን አየሁት፤ በእስክሪብቶ መስመር አስምራ ከመስመሩ ወዲህ ክሬሙን፣ ወዲያ ቫዝሊኑን ቀብታለች። በዚያ ክንዷ ገበያ ወጣች፣ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ሰው «ምን ነክቶሻል?» ሲላት «ሁለት እንግዶች አሉብኝ» ትላለች። በኋላ ደግሞ ክንዷ ጤነኛ ስለሆነ አይበቃም አለች። ፈቃደኛ የሆኑ ሴቶችን ሰበሰበች፤ አዬ አማረች ግንባር ቀደም ሆኑ። ትእዛዙ ቀላል ነው። ሁለቱም እግር በየቀኑ ይዘፈዘፋል፣ በሳሙና ይታጠባል። ከዚያ ቀኝ እግር ክሬም፣ ግራ እግር ቫዝሊን። «እንዳይቀላቀል» አለቻቸው፣ በወላይትኛም በአማርኛም። ሁሉም «እሺ» አሉ። በእኛ አገር ለነርስ እምቢ የሚል የለም፤ ቤት ከገቡ በኋላ ግን ሌላ ነው።

ሳምንታት አለፉ። እግሮቹ እያማሩ መጡ፣ ስንጥቁ እየገጠመ፣ ሽታው እየጠፋ። ቀኙም ግራውም እኩል። አቶ ጌታሁን እየመጡ ከሩቅ ያያሉ፣ ቅር ይላቸዋል። እኔ በሆዴ ደስ ብሎኛል። ክሬሙ ከቫዝሊን ካልበለጠ ገንዘቡ ለሳሙናና ለቆዳ ዋለ፣ የሁምቦዎቹም ተራ ደረሰ ማለት ነው።

አንድ ቀን ለአዬ አማረች አዲስ ጫማ ልለካ ግራ እግራቸውን ካርቶን ላይ አስረገጥኳቸው። ዙሪያውን በእርሳስ ስከተል እጄ አዳለጠኝ። ጣቴን አሸተትኩት። ያ ሽታ ነው፤ የቱቦው። ግራ እግር ላይ! ዓይናቸውን አየሁ፣ እሳቸው ጣራ ጣራውን ያያሉ። በሳቅ ልሞት ምንም አልቀረኝም። ለሲስተርም እየሳቅኩ ነገርኳት፤ የሚያስቃት መስሎኝ ነበር።

አልሳቀችም። ሴቶቹን ሰብስባ በርጩማዋ ላይ ከእነሱ ዝቅ ብላ ተቀመጠችና «እናቶቼ፣ አልቆጣም፤ እውነቱን ንገሩኝ» አለቻቸው። በመጨረሻ አዬ አማረች ተናገሩ።

«ሁለቱም የእኔ እግሮች ናቸው። እኩል ነው የታመሙት። አንዱን ልጅ አብልቼ ሌላውን ጦሙን አላሳድርም። ለቀኝ ቀብቼ የተረፈውን ለግራም አዳረስኩ።»

ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ለካ ሁሉም እንዲያ ሲያደርጉ ኖረዋል። አንዷማ ግራ እግሯ እንዳይቀየም መጀመሪያ እሱን ነበር የምትቀባው። በእኛ ቤት የሚበላ ነገር ለሁሉም ሳይዳረስ አይበላም፤ ይህን ልማድ ሲስተርም እኔም ከየእናታችን ጡት ጋር ጠብተነዋል። ግን እግር ላይም ይሠራል ብለን አላሰብንም።

ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ «በይ እንግዲህ ዝም በይ» አልኳት። «ሁለቱም እኩል ናቸው ብለሽ ተናገሪ። ውሸት የለበትም፤ እኩል ናቸው። መጽሐፍሽም የሚለው ያንኑ ነው።»

«እኩል የሆኑት እኩል ስለተቀቡ ነው» አለችኝ፣ በስሜ ጠርታ።

ኮሚቴው ሲሰበሰብ እኔም የጫማውን ጉዳይ ላስረዳ ተጠርቼ ነበር። አቶ ጌታሁን «እህሳ ሲስተር፣ የቱ በለጠ?» አሏት። ሁሉም እግሮቹን ስላዩ መልሱን የሚያውቁ ይመስላቸው ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግባት።

«አላውቅም» አለች። «ፈተናው ተበላሽቷል። ሴቶቹ ሁለቱንም እግር በክሬም ቀብተዋል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አጥብቄ አላስረዳኋቸውም።»

አቶ ጌታሁን እጃቸውን ዘረጉ። «ካላወቅሽ እንግዲያው የታወቀውን እንያዝ። እግሩ እንደዳነ እናያለን፣ የተቀባውም ክሬም ነው። ከፋሲካ በኋላ እንገዛለን።» ሕሊናቸውን ቅር አላለውም፤ በእሳቸው በኩል ትክክል ናቸው። በቃ፣ ተፈረደ።

እኔ ግን አበድኩ ማለት ይቻላል። ከኋላዋ እየተከተልኩ እስከ ዳሱ ድረስ ስጮህባት ሄድኩ። በሩ ላይ የተቀመጡትን የሁምቦ ሰዎች እያሳየሁ «እነዚህን በገዛ ምላስሽ አባረርሻቸው» አልኳት። «ጽድቅሽ ለማን ነው? ለራስሽ ነው?» እስከማለት ደርሻለሁ።

ሳህን እያጠበች ሰማችኝ። ቆይታ፣ «እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሁሉ ዘር ነው፣ እርግማን ነው ሲባሉ ኖረዋል» አለች። «እኔ አፈር ነው አልኳቸው። ያመኑኝ ያልኩትን በእግራቸው ላይ ስላዩ ነው። ዛሬ ያላየሁትን አይቻለሁ ብል ነገ አፈር ነው ስል ማን ያምነኛል?»

ንዴቴ ግን አልበረደም፤ ለጊዜው ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም። ሴቶቹም ቀሩ። «በሰው ፊት ውሸታም አደረገችን» ብለው ተቀይመዋል የሚል ወሬ ሰማን። አዬ አማረች ለጫማቸው እንኳ አልመጡም፤ ሰፍቼ ጨርሼው መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጣ። ሲስተር ጠዋት ጠዋት ሳህኖቹን ደርድራ በሩን በሩን ታያለች። ፊቷ ከሳ። ያኔ ሳያት ታሳዝነኝ ነበር፣ ግን እልኸኛ ነኝ፤ ወደ ስፌቴ እመለሳለሁ።

ፋሲካ ሊደርስ ሲል፣ አቶ ጌታሁን ለግዢው አዋሳ ሊወርዱ ሲሰናዱ፣ አንድ የገበያ ቀን ሴቶቹ ተከታትለው ገቡ። አዬ አማረች ከፊት ናቸው። ማንንም ሳያናግሩ አግዳሚው ላይ ተቀመጡና የተጠቀለለውን ጨርቅ ፈቱ፣ ሁለቱንም እግራቸውን ዘረጉ። ሌሎቹም እንዲሁ አደረጉ።

«ካፈርንበት ቀን ጀምሮ ነው» አሉ አዬ አማረች። «ቀኙ በተረፈን ቱቦ፣ ግራው በቫዝሊን። ጨርቁም ለየብቻ፣ የምንቀባበት እጅም ለየብቻ። እኔ ሌሎቹን በየቤታቸው እየዞርኩ አይቻለሁ፤ አልተቀላቀለም። አሁን እይው።»

ሲስተር ተንበረከከች። ቀኙን አየች፣ ግራውን አየች፣ ወደሚቀጥለው እግር አለፈች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም ነበር። ከጨረሰች በኋላ ወደ እኔ ዞራ «ኢሻ፣ አቶ ጌታሁንን ጥራልኝ» አለችኝ። ሮጥኩ። በዚያ ዕድሜዬ እንዲያ እሮጣለሁ ብዬ አላስብም ነበር።

አቶ ጌታሁን መጥተው እንደ ልማዳቸው ከሩቅ ቆሙ። «እኔ ነርስ አይደለሁ፤ የቱ የቱ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» አሉ።

«በዓይን አይለይም» አለች ሲስተር። «ይዳስሱት።»

አዬ አማረች እግራቸውን ሊሰበስቡ ሲሉ አየሁ፤ ያ የድሮ እፍረት ነው። አቶ ጌታሁን ኮታቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝና ተንበረከኩ። አንዱን እግር ያዙ፣ ሌላውን ያዙ። ተረከዙ አካባቢ በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳበሱ። ወደ ቀጣይዋ ሴት ሄዱ፣ ከዚያም ወደ ቀጣይዋ። ዳር ሲደርሱ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «አንድ ናቸው» አሉ። «አንድ ናቸው፤ ሳሙናውን ግዙ።»

የሁምቦ ሰዎች እንዲገቡ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።

ሁሉም ከወጡ በኋላ ሲስተር አዬ አማረችን አስቀረቻቸው። አዲሱን ጫማ እያጠለቀችላቸው «እናቴ፣ በዚያ ቀን ተቀይማችሁኝ ሄዳችሁ። ማንም ሳያዛችሁ ይህን ሁሉ ለምን ለፋችሁ?» አለቻቸው።

አዬ አማረች በወላይትኛ ነው የተናገሩት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ተቀይመን ነበር። ከዚያ ስናስበው፣ አንድ ቃል ብትዋሺ ሳሙናው የእኛ ነበር። አንቺ ለእኛ ብለሽ እንኳ በእግራችን አልዋሸሽም። ሰው ሁሉ በዚህ እግር ላይ ሲዋሽ ነው የኖረው፤ አንቺ ብቻ አልዋሸሽም።»

ሲስተር ታደለች የጫማውን ማሰሪያ እንደያዘች ቀረች። እኔ ነኝ ተንበርክኬ ያሰርኩላቸው።

የሞተችብን እንግዲህ ይህቺ ሴት ናት።